መሪው በማን እጅ ነበር?

አንዳንድ ታሪክ ገና ሲጀመር በአንድ ግሥ ይበላሻል። ግሡ ከተበላሸ በኋላ ቅጽሉን ቢያሳምሩት፣ ፎቶግራፉን ቢያጎሉት፣ አርእስቱን ቢያደምቁት ታሪኩ አይቃናም። በዚህ ጽሑፍ የማነሣው ታሪክ ግሥ «አበረረች» የሚል ነው። የግሡ ባለቤት የሰባት ዓመት ልጅ ናት።

ነገሩ እንዲህ ነው። ኤፕሪል 10 ቀን 1996 እ.ኤ.አ. ጄሲካ ዱብሮፍ የምትባል ልጅ ከአባቷና ከበረራ አስተማሪዋ ጋር በአንዲት ባለ አራት መቀመጫ ሴስና አውሮፕላን ሃፍ ሙን ቤይ ከምትባል የካሊፎርኒያ ከተማ ተነሣች። እቅዱ ከፓስፊክ ዳርቻ ተነሥቶ አሜሪካን በማቋረጥ አትላንቲክ ዳርቻ መድረስና መመለስ ነበር። ለዚህ ሁሉ መንገድ የተመደበው ጊዜ 8 ቀን ነው። ጄሲካ ስምንተኛ ዓመቷን ልትይዝ አንድ ወር አይሞላም የቀራት። እግሯ ፔዳሉ ላይ ስለማይደርስ መቀጠያ ተሠርቶላት ነበር፤ ዓይኗም ከመስኮቱ በላይ እንዲያይ ትራስ ተደርጎላታል። አባቷ ከኋላ፣ አስተማሪዋ ከጎኗ ተቀምጠዋል። በማግሥቱ ጠዋት አውሮፕላኗ ሻየን ከምትባለው የዋዮሚንግ ከተማ በዝናብና በነፋስ መካከል ተነሣች። ከጥቂት አፍታ በኋላም ከመንደርደሪያው ብዙ ሳትርቅ በመኖሪያ ሰፈር ውስጥ ወደቀች። ሦስቱም ሞቱ።

ከዚያ ወዲህ ሠላሳ ዓመት ገደማ ሆኖታል። ሆኖም ታሪኩን የሚያስታውስ ሰው ብትጠይቁ የሚነግራችሁ «አውሮፕላን ካላበረርኩ ብላ የሞተች ሕፃን» የሚል ዓረፍተ ነገር ነው። በሐዘን የሚናገረው አለ፤ በቁጣ የሚናገረው አለ፤ ራሱን እየነቀነቀ «ልጅ ያቦካው ለእራት አይበቃም» የሚል ተረት የሚጨምርበትም አይጠፋም። እኔ የምለው ግን ይህ ዓረፍተ ነገር ሐሰት ነው። ልጅቷ አላቦካችም። ያቦኩት አዋቂዎች ናቸው፤ በሊጡ ላይ የተጻፈው ግን የልጅቷ ስም ነው። ሐሰቱን ያቦካውና የጋገረው ደግሞ የእኔው ሙያ፣ ጋዜጠኝነት፣ ስለሆነ ነገሩ ይከነክነኛል።

በመጀመሪያ ስለ መሪው እናንሣ። እንዲህ ያለችው ትንሽ አውሮፕላን ሁለት መሪ አላት፤ አንዱ በግራ፣ አንዱ በቀኝ። ሁለቱ የተያያዙ ናቸው። አንዱ ሲዞር ሌላውም አብሮ ይዞራል፤ ፔዳሎቹም እንዲሁ። ተማሪ በግራ፣ አስተማሪ በቀኝ ይቀመጣል። እንግዲህ «መሪውን ያዘች» ማለትና «አውሮፕላኑን መራች» ማለት አንድ አይደለም። በበረራ ትምህርት ይህ ልዩነት ለስሜት አልተተወም፤ በቃል ሥርዓት ተደንግጓል። መሪውን የሚያስረክብ ሰው «ያንተ ነው» ይላል። የሚረከበው «የእኔ ነው» ብሎ ይመልሳል። አስረካቢው ደግሞ «ያንተ ነው» ብሎ ያጸናል። እንደ ቅዳሴ ተሰጥዎ ያለ ነገር ነው። ይህ ሁሉ የሚደረገው አንድም ደቂቃ ቢሆን ኃላፊው ማን እንደሆነ ሳይታወቅ እንዳያልፍ ነው።

አባት ቤተሰቡን ይዞ በጠራ ሰማይ ሲበርር ልጁን «እስቲ ያዘው» ቢለው ነውር የለበትም። የእኛም ገበሬ ልጁን ዕርፍ ያስይዘዋል። ልጁ በኩራት ይጨብጣል፤ እግሩ በአፈሩ ላይ ይደናቀፋል፤ በሬዎቹን የሚያዝዘው ድምፅና ጅራፉ ግን ከአባትየው ጋር ናቸው። ማታ እቤት ሲገቡ እናት «ዛሬ ልጄ አረሰ» ብላ ብታሞግሰው ደስ ይላል። ቤተሰቡ ሁሉ የቃሉን ልክ ያውቀዋልና ማንም አይታለልም። ያው ቃል ከምድጃው ዳር ተነሥቶ ጋዜጣ ላይ ሲወጣ ግን ልኩን የሚያውቅ ሰው አብሮት አይወጣም።

የጄሲካ «አበረረች» እንዲህ ሆኖ ነው የወጣው። በአሜሪካ ሕግ መሠረት ብቻውን ለመብረር ቢያንስ 16 ዓመት፣ የግል አብራሪነት ፈቃድ ለማግኘት 17 ዓመት ያስፈልጋል። ስለዚህ በሕግ ዓይን ጄሲካ መንገደኛ ነበረች፤ አብራሪው ፈቃድ ያለው አስተማሪ ነው። የጉዞው ሐሳብ የአባቷ ነበር። ጋዜጦችንና ጣቢያዎችን የጠራው እርሱ ነው፤ ለጉዞው የተጻፈበት ቆብና ካናቴራ ያሠራውም እርሱ ነው። አንድ ትልቅ የቴሌቪዥን ድርጅት በጉዞ ላይ የሚሆነውን እንዲቀርጽ ካሜራና ባዶ ካሴት ሰጠው። ሊሰበር የታሰበው ክብረ ወሰን በዕድሜ ትንሿ አብራሪ የመሆን ነበር። ዝነኛው የክብረ ወሰን መጽሐፍ ግን ይህን ዓይነቱን ውድድር ለአደጋ ይዳርጋል ብሎ ከዓመታት በፊት ሰርዞታል። ማንም የማይመዘግበው ክብረ ወሰን ነበር ማለት ነው። መዝጋቢ ሆኖ የቀረው ካሜራው ብቻ ነው።

ጋዜጠኝነት የተማረ ሰው ይህ ታሪክ ለምን እንደተወደደ ይገባዋል። በክፍል ውስጥ ከሚነገሩን ነገሮች አንዱ ታሪክ ፊት ይፈልጋል የሚል ነው። የአምሳና የስድሳ ዓመት ሰው ፊት ጥሩ ፊት አይደለም፤ የሰባት ዓመት ልጅ ፈገግታ ግን አርእስቱን ራሱ ይጽፈዋል። በመሆኑም አስተማሪው ከፎቶግራፉ ጠርዝ ወጣ፤ አባትየው ወደ ኩሩ ወላጅነት ዝቅ አለ፤ ግሡን የሚሸከም ሌላ ሰው ስለጠፋ ግሡ በሙሉ በልጅቷ ላይ ተጫነ። በዚያ በመጀመሪያው ቀን በመንገዱ በአንደኛው ክፍል ጄሲካ እንቅልፍ ወስዷት ነበር። እንቅልፍ የወሰዳት ሕፃን አውሮፕላን ስታበርር አስቡት። አውሮፕላኗ ግን አልወደቀችም፤ የሚያበርራት ሰው ነበራታ!

ከውድቀቱ በኋላ የጽሑፉ ቃና ተገለበጠ። ትናንት «ተአምር» ያሉት ዛሬ «እብደት» አሉት። ወላጆች ተወቀሱ፤ የልጅ አስተዳደግ ተተነተነ። ብዙው ትክክል ነበር። ይሁንና ውዳሴውም ወቀሳውም አንድ ዓይነት ሰዋስው ነበራቸው። በሁለቱም መሪው በልጅቷ እጅ ነው። በአንዱ ስለያዘችው ትደነቃለች፤ በሌላው ሊያስይዟት አይገባም ነበር ይባላል። ጠዋት በስልክ ቃለ ምልልስ ያደረገላት፣ ማታ በአውሮፕላን ማረፊያ ካሜራ ደቅኖ የጠበቃት ግን በየትኛውም ዓረፍተ ነገር ውስጥ ባለቤት ሆኖ አይገባም ማለት ይቻላል።

ስለዚህ ነገር ከተጻፈው ሁሉ ምርጡ ጽሑፍ የትኛው ነው ብትሉኝ በ1997 የወጣውን የአሜሪካ ብሔራዊ የትራንስፖርት ደኅንነት ቦርድ የምርመራ ዘገባ እጠቁማለሁ። ይህን የምለው ለቀልድ አይደለም። ዘገባው ደረቅ ነው፤ አንድም ውብ ቃል የለበትም። ነገር ግን በውስጡ እያንዳንዱ ግሥ የራሱን ባለቤት አግኝቷል። አውሮፕላኗ ከተፈቀደላት ክብደት ከ40 ኪሎ ግራም በላይ አልፋ ተጭና ነበር፤ ጫኛቸው አብራሪው ነው። የመቆጣጠሪያ ማማው እይታው መውረዱን ነግሯቸዋል፤ በልዩ ፈቃድ ለመነሣት የጠየቀው አብራሪው ነው። ከእነርሱ ቀድሞ የተነሣ የመንገደኞች አውሮፕላን ነፋሱ በዝቅተኛ ከፍታ ላይ በድንገት እንደሚቀያየር አስጠንቅቋል፤ ያን ሰምቶ የተነሣው አብራሪው ነው። አውሮፕላኗ በወደቀች ሰዓትም መሪውን የያዘው እርሱ እንደነበር ምርመራው ደምድሟል።

አንባቢ የሻየንን ከፍታ ልብ ይበል። ከተማዋ ከባሕር ወለል በላይ 1,870 ሜትር ገደማ ላይ ናት። አዲስ አበባ ላይ ለምንኖር ሰዎች ይህ ዝቅታ ነው፤ ቦሌ ከ2,300 ሜትር በላይ ነውና። ለባሕር ዳርቻ አብራሪ ግን ሌላ ዓለም ነው። ከባሕር ዳር የመጣ ሯጭ እንጦጦ ላይ እንደሚያለከልከው ሁሉ፣ በከፍታ ቦታ አየሩ ስለሚሳሳ ሞተሩ ኃይል ያንሰዋል፤ ክንፉም ያው ክብደት ለመሸከም በበለጠ ፍጥነት መሮጥ አለበት። ከመጠን በላይ የተጫነች፣ በዝናብ የምትመታ፣ በነፋስ የምትገፋ አውሮፕላን ፍጥነቷ ሲቀንስ ክንፏ መሸከም ያቆማል። ሻየን ላይ የሆነው ይኸው ነው። በዚህ ሁሉ ውስጥ የሰባት ዓመት ልጅ ጥፋት የሚገባበት ቀዳዳ የለም።

ዘገባው በዚህ አላበቃም። አብራሪው ለምን እንዲህ ወሰነ ብሎ ይጠይቃል። የሰጠው መልስ የጉዞው መርሐ ግብር እጅግ የተጣበበ እንደነበርና የተጣበበውም በከፊል ለመገናኛ ብዙኃን በተገባው ቃል ምክንያት እንደነበር ነው። አንድ የመንግሥት መሥሪያ ቤት የአውሮፕላን መውደቅ መንስኤ ሲዘረዝር ከነፋስና ከክብደት ቀጥሎ ጋዜጠኛን ጻፈ! የቸኮለ አፍሶ ለቀመ ይባላል፤ በአየር ላይ ግን የፈሰሰ አይለቀምም። ይህን አንቀጽ ማንኛውም የጋዜጠኝነት ተማሪ ሊያነበው ይገባል እላለሁ። ቀጠሮ መያዝ፣ «ነገ በዚህ ሰዓት እንጠብቃችኋለን» ማለት፣ ካሜራ ማዋስ፣ እነዚህ ሁሉ ንጹሕ የሚመስሉ ሥራዎች በሰማይ ላይ ክብደት እንዳላቸው ይናገራልና።

ሥነ ጽሑፍ ይህን ቀድሞ ያውቀው ነበር። አንትዋን ደ ሴንት ኤክዙፔሪ በ1931 ያሳተመው «የሌሊት በረራ» የሚለው ልብ ወለድ የሚታወሰው በማዕበል ውስጥ በጠፋው በወጣቱ አብራሪ በፋቢያን ነው። መጽሐፉን ትልቅ ያደረገው ግን ምድር ላይ ያለው ሰው፣ ሪቪዬር ነው። ሪቪዬር የፖስታ በረራውን መርሐ ግብር የሚይዝ አለቃ ነው። ሰዓቱን የሚቆርጥ፣ ወደ ጨለማው የሚልክ እርሱ ነው። ደራሲው በሪቪዬር ቢስማማም ባይስማማም (በእኔ አስተያየት ከሚገባው በላይ አድንቆታል) ከገጹ አላስወጣውም። አንባቢ ፋቢያንን ሲያጣ ማን እንደላከው፣ ለምን እንደላከው፣ በስንት ሰዓት እንደላከው ያውቃል። ጄሲካን በሚመለከተው የጋዜጣ ትረካ ውስጥ የጠፋው ሪቪዬር ነው። ከነፋሱ በስተቀር ያልጠፋ ነገር የለም ማለትም ይቻላል። ባለ አለቃ ታሪክ ያለ አለቃ ተጻፈ፤ የአለቃው ወንበር ባዶ ሲሆን ደግሞ ሕፃን አስቀመጡበት።

«ልጅ በእጁ ያጠፋበት ጊዜስ የለም ወይ?» የሚል ተከራካሪ ሊነሣ ይችላል። አለ። ከጄሲካ ሁለት ዓመት ቀደም ብሎ፣ በማርች 1994፣ ከሞስኮ ወደ ሆንግ ኮንግ ይበርር በነበረ የሩሲያ ኤርባስ ላይ ካፒቴኑ ሁለት ልጆቹን ተራ በተራ ወንበሩ ላይ አስቀመጠ። በዚያ ጊዜ አውሮፕላኑ በራሱ አውቶማቲክ መሪ ይሄድ ነበር። ወንዱ ልጅ መሪውን ለሠላሳ ሰከንድ ያህል ተጭኖ ሲይዘው የአውቶማቲኩ አንድ ክፍል በዝምታ ተለቀቀ። መብራት እንጂ ድምፅ ስላልነበረው አብራሪዎቹ አላስተዋሉትም። 75 ሰው አለቀ። እዚህ ላይ የልጁ እጅ በእርግጥ አለ። ግን ይህም ቢሆን ክርክሬን አይንደውም፤ ያጠናክረዋል እንጂ። ወንበሩን የሰጠው አባት ነው። ያ የሦስት ጊዜ ቅብብል፣ «ያንተ ነው፣ የእኔ ነው» የሚለው፣ ለይስሙላ ካልሆነ በቀር ትርጉም አልነበረውም፤ ሁሉም ሰው መሪው በማሽኑ እጅ ነው ብሎ ያምን ነበርና። ለልጁ የተሰጠው መጫወቻ ነው፤ መጫወቻው ግን እውነተኛ መሪ ሆኖ ተገኘ። ከበሮ በሰው እጅ ያምር፣ ሲይዙት ያደናግር።

ከሻየን በኋላ በዚያው ዓመት የአሜሪካ ምክር ቤት ሕግ አወጣ። ሕጉን የልጆችን መብረር የሚከለክል አድርገው የሚያወሩ ብዙ ናቸው። ሕጉ ግን ከዚያ ይልቅ ብልህ ነው። ፈቃድ የሌለው ሰው ክብረ ወሰን ለመስበር ወይም ለውድድር ወይም ለትርኢት እየሞከረ መሆኑን የሚያውቅ አብራሪ መሪውን እንዳያስይዘው ይከለክላል። ልጅ ከአባቱ አጠገብ ተቀምጦ ያለ ጭብጨባ መሪ ቢይዝ ሕጉ አይነካውም። የተከለከለው ጭብጨባው ነው። የጋዜጣ ሐያስያን በሺህ መስመር ያልደረሱበትን ሕግ አውጪዎች በአንድ አንቀጽ ደረሱበት ብል ማጋነን አይሆንም።

መሪ መያዝ ምን ማለት እንደሆነ ለማየት የተቃራኒውን ታሪክ ልጥቀስ። በኤፕሪል 2012 በዊስኮንሲን ግዛት ባልና ሚስት በራሳቸው ባለ ሁለት ሞተር ሴስና ወደ ቤታቸው ሲመለሱ አብራሪው ባል አየር ላይ ሕይወቱ አለፈ። ሚስቲቱ የ80 ዓመት አሮጊት ነበሩ። የአብራሪነት ፈቃድ የላቸውም፤ ከብዙ ዓመታት በፊት ግን በባላቸው ጉትጎታ መነሣትና ማረፍን በመጠኑ ተምረው ነበር። ሌላ አብራሪ በሌላ አውሮፕላን ተነሥቶ ከጎናቸው እየበረረ በሬዲዮ መራቸው። ነዳጁ አልቆ አንዱ ሞተር ሲቆም አውሮፕላኑን መንደርደሪያው ላይ አሳረፉት። ተጎዱ እንጂ አልሞቱም።

እዚህ ላይ ግሡና ባለቤቱ ተገናኝተዋል። ሴትዮዋ በእርግጥ አበረሩ። ካሜራ አልጠበቃቸውም፤ ቆብ አልታተመላቸውም። መሪውን «የእኔ ነው» ብለው ሲረከቡ «ያንተ ነው» ብሎ የሚያጸና ሰው አጠገባቸው አልነበረም። ለዚህ ያበቃቸው ከዓመታት በፊት ማንም ሳያይ የተማሩት ትንሽ ትምህርት ነው። በአሜሪካ የአብራሪ ቤተሰቦች ለእንዲህ ያለው ቀን የሚማሩት አጭር ኮርስ ከ1960ዎቹ እ.ኤ.አ. ጀምሮ አለ። ከኮርሱ የሚወጣ ሰው ጀግና ወይም ባለ ክብረ ወሰን አይባልም። የሚማረው ሬዲዮ እንዴት እንደሚያዝ፣ አፍንጫዋ ቀና እንድትል ምን እንደሚደረግ፣ ወደ ቅርቡ ሜዳ እንዴት እንደሚደረስ ነው። ይህ ለጋዜጣ የማይመች፣ ለሕይወት የሚጠቅም እውቀት ነው።

ወደ ራሳችን ልመለስ። እኛ አገር ሕፃን አውሮፕላን አያበርርም። ነገር ግን መድረክ ላይ ቆሞ ያልገባውን ግጥም የሚወርድ ሕፃን አለ፤ በቴሌቪዥን ቀርቦ «የአገር ተስፋ» የሚባል የስምንት ዓመት «ፈልሳፊ» አለ፤ ዛሬ ደግሞ በየስልኩ ምስሉ የሚዞር፣ ወላጆቹ በእርሱ ስም የሚናገሩለት ልጅ ሞልቷል። ልጆቹን አልነቅፍም። ተሰጥኦም ይኑራቸው፤ ብዙዎቹም አላቸው። የምጠይቀው ስለ ግሡ ነው። «ጻፈ»፣ «ፈለሰፈ»፣ «ተናገረ» ስንል በቀኝ ወንበር የተቀመጠው ማን ነው? ቀጠሮውን የያዘው፣ ዝናቡን እያየ «እንነሣ» ያለው ማን ነው? ጽሑፋችን ይህን ሰው ካላሳየ፣ ነገ ነገሩ ሲሰናከል ልጁ «አበቃለት»፣ «ከሸፈ»፣ «ተበላሸ» ይባላል፤ በውዳሴው ጊዜ የተሰጠው ግሥ በውድቀቱም ጊዜ ከእርሱ ላይ አይወርድም።

ሐያሲ ግጥምና ልብ ወለድ ብቻ የሚመዝን አይደለም። ዜናም ድርሰት ነው፤ ገጸ ባሕርይ ይመርጣል፤ አንዱን ወደ ብርሃን ያወጣል፤ ሌላውን ወደ ጨለማ ይገፋል። የዜናው ገጸ ባሕርይ ግን ከመጽሐፉ ወጥቶ የሚሞት ሰው ነው። ስለዚህ ስለ አንዲት ሕፃን የሚጻፍ ዓረፍተ ነገር ከመታተሙ በፊት የሚጠየቅ አንድ ጥያቄ ይኑረን። መሪው በእርግጥ በማን እጅ ነበር? በአስተማሪው እጅ ከሆነ በአስተማሪው ይጻፍ። በአባትየው ከሆነ በአባትየው። በእኛ በጋዜጠኞች እጅ የነበረ እንደሆነም፣ ሻየን ላይ በከፊል እንደነበረው ሁሉ፣ ያው ይጻፍ።